ደብዳቤ ለልጄ፦ ነሐሴን እዚህ ጻፊ፣ ማንም አይጠራሽም

ሰላም የኔ ዓለም እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ጠንክሯል፣ ጎንደር ከሰኔ ጀምሮ ጭቃ በጭቃ ናት፣ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ ነበር ግን በስልክ ሲሆን አንቺም ትቸኩያለሽ እኔም መሀል ላይ ሆድ ይብሰኛል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በቴሌግራም ሲደርስሽ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ አታንብቢው፣ ቤት ገብተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው እሁድ "እማ ታሪኩ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ ግን የምጽፍበት ቦታ አጣሁ" ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ለሦስት ሆናችሁ አንዷ ቲቪ ትከፍታለች አንዷ ስልክ ታወራለች፣ ካፌ ስትሄጂ ሙዚቃው አለ፣ አንድ ማኪያቶ ይዘሽ ሁለት ሰዓት ስትቀመጪ ደግሞ አስተናጋጇ እየተመላለሰች ጠረጴዛሽን ትወለውላለች፣ መጨረሻ ላይ አልጋ ላይ ላፕቶፑን ጭንሽ ላይ አድርገሽ አንገትሽን ይይዝሻል። እኔም አይዞሽ ብዬ ዘጋሁት። አይዞሽ ምን ያደርጋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ተነስቼ የጓሮዋን ክፍል ከፈትኳት። ያቺ እህል የምናስቀምጥባት ሰርቪስ። ጤፉን ወደ ጓዳ አዛወርኩት፣ ማዳበሪያውን ጀሪካኑን አወጣሁ፣ ጥግ ላይ ካለው ካርቶን ውስጥ የ10ኛ ክፍል ደብተርሽን አገኘሁት። የባዮሎጂ ደብተር ነው፣ ከፊት ኖት አለው፣ ከኋላ ገልብጠሽ ታሪክ ጀምረሽበታል። ስድስት ገጽ ሙሉ ጽፈሻል፣ ሰባተኛው ላይ "ዝናቡ ሲያባራ ልጅቷ ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ ወጣችና" ይላል። በቃ እዛ ላይ አለቀ፣ "ወጣችና" ብሎ ቀረ። ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ጥቁር፣ የከሰል።

ያን ከሰል ያስነካሁሽ እኔ ነኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ይዤ ስንት ጊዜ እንደጠራሁሽ ቆጠርኩ፣ መቁጠር አልቻልኩም። "ከሰል አያይዢ"፣ "ስኒ እጠቢ"፣ "እንግዳ መጥቷል ቡና አፍዪ"፣ "ሱቅ ደርሰሽ ነይ"። ወንድምሽ ደብተር ከያዘ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የምሄደው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ዝም በሉ ልጄ እያጠና ነው እል ነበር። አንቺ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ስትጽፊ ግን ስራ የፈታሽ ይመስለኝ ነበር። እኔ ራሴ እንደዛ ነው ያደግኩት፣ እናቴም እንደዛው፣ ግን ይሄ ምክንያት አይሆነኝም። ልጄ ይቅርታ አድርጊልኝ። እስከዛሬ ጠረጴዛ ስላልነበረሽ ነው የምል ነበር፣ አሁን ግን ሳስበው ጠረጴዛ ቢኖርሽም እጠራሽ ነበር።

የሚገርመው እኔ ይሄን ነገር ማወቅ ነበረብኝ። ታይፒስት ሆኜ ስንት ዓመት እንደሰራሁ ታውቂያለሽ። ጠረጴዛዬን ያስቀመጡልኝ በር ስር ነው፣ የገባው ሁሉ "ኃላፊው አሉ?" ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። የድሮው የአማርኛ ታይፕራይተር ደግሞ እንደ አሁኑ ኮምፒውተር አልነበረም፣ አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ቁልፍ ትመቺያለሽ፣ ዋናውን መትተሽ ቅጥሉን ለብቻው ትቀጥይበታለሽ። እና መሀል ላይ ሰው ሲያናግረኝ ፊደሉ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ይቀራል፣ ስመለስ የት እንደነበርኩ ጠፍቶኛል፣ በካርቦን ሦስት ኮፒ ስለሆነ ከተሳሳትኩ ሶስቱንም ማበላሸቴ ነው። ወንበሩም ዝቅ ስለሚልብኝ እሽግ ወረቀት ደርቤ እቀመጥ ነበር፣ ወገቤ ያኔ የጀመረው ህመም እስከዛሬ አለ። ጠረጴዛዬን ወደ ውስጥ አስገቡልኝ ብዬ ብዙ ጊዜ ለመንኩ፣ ሰሚ አላገኘሁም። እቤት ስመጣ ደግሞ ያንኑ በር ስር ያለ ጠረጴዛ ለልጄ አዘጋጀሁላት ማለት ነው።

አያትሽ ነፍሳቸውን ይማርና በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። እኔ ትንሽ ሆኜ ይነግሩኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ቅኔ ሊቆጥሩ፣ ማለት አዲስ ቅኔ ሊያወጡ፣ ሲሄዱ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ነው የሚሄደው፣ አንዱ ዛፍ ስር አንዱ ድንጋይ ጥግ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ቁጭ ይላል፣ ከዛ የቆጠረውን ይዞ ለመምህሩ ይነግራል መምህሩ ያርመዋል። የቆሎ ተማሪ ምን አለው? ወንበር የለው መብራት የለው፣ እንጀራውን ለምኖ ነው የሚበላው፣ ውሻ ያባርረዋል። ያቺ ሰዓት ግን የሱ ናት፣ በዛች ሰዓት ማንም ና ወዲህ አይለውም። አያትሽ ይሄን ሲነግሩኝ የሰማሁት እንደ ተረት ነበር። ለወንድ ልጅ ብቻ የተሰጠ ነገርም ይመስለኝ ነበር፣ ግን ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩ አይደል፣ ዓይነ ስውር ናቸው፣ ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው ኋላ ራሳቸው ስንት ወንድ ያስተማሩ። አባትየው ለሴት ልጃቸው ያን ጊዜ ባይሰጧት ኖሮ ምን ይኮን ነበር እያልኩ ነው ሰሞኑን።

አሁን ጎንደር ከመጣሁ አይቀር ግንቡ ጋ ሄጄ ነው የምጽፈው ትዪ ይሆናል፣ ስለምታውቂው አልከለክልሽም ግን ሀሳቤን ልንገርሽ። ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት ታስታውሺዋለሽ፣ ጣልያን ሲያድሰው የለሰነው፣ ትምህርት ቤት ሆነሽ ስንሄድ ደረጃው ላይ ፎቶ የተነሳሽበት። ንጉሡ የነገሡት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1667 እስከ 1682 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስናልፈው አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም፣ እስቲ ተመልከቺ፣ ንጉሥ ናቸው፣ ትልቅ ግንብ አባታቸው አፄ ፋሲል ሰርተውላቸዋል፣ ክፍል ሞልቷል፣ ግን ለመጽሐፍ ለብቻው ቤት ሰሩ፣ ለጽሕፈትም ለብቻው። እንግዳ ከሚበላበት ከሚጠጣበት ቤት አልቀላቀሉትም። እኔ ደግሞ እህል ማስቀመጫ ክፍል እያለኝ ላንቺ መስጠት እስካሁን አልታየኝም።

ግን ግቢው ውስጥ ቱሪስት አለ አስጎብኚ አለ፣ ሰርገኛም ፎቶ ሊነሳ ይመጣል። ጎሃ ተራራ ላይ ከወጣሽ ከተማው በሙሉ ከእግርሽ ስር ነው፣ ስታዪ ትውያለሽ እንጂ አትጽፊም። ጥምቀተ ባህር ከጥምቀት ውጪ ጸጥ ያለ ነው፣ አጥሩን ጨምድደው የያዙት የዛፎቹ ስሮች ሁሌም ደስ ይሉኛል፣ ግን በነሐሴ ዝናብ የት ትጠለያለሽ? ቁስቋምም እንደዛው። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 መጥቶ እዛው ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ቤት ሰጥተውት ተቀምጦ ነበር፣ ያየውን ሁሉ እዚህ አየ፣ መጽሐፉ ግን የወጣው አገሩ ገብቶ ቤቱ ተቀምጦ በ1790 ነው። እንደኔ እንደኔ ጠዋት በእግርሽ ሂጂ፣ እይ፣ አስቢ፣ ከዛ ተመልሰሽ ክፍልሽ ግቢ።

ክፍሏን ልንገርሽ። ጠረጴዛውን አናጺ እየሰራው ነው፣ ዋንዛ ነው፣ ከፍታው 75 ሳንቲም። የማዕድ ቤቱን ጠረጴዛ ለካሁት 82 ሆነ፣ እሱ ላይ ስትጽፊ ትከሻሽ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ወገብና አንገት የሚያምመው እዛ ላይ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ክንዴን አጥፌ በልብስ ሰፊ ሜትር ነው የለካሁት፣ ክርንሽ ቀጥ ብሎ ዘጠና ዲግሪ ሲሆን እጅሽ ጠረጴዛው ላይ ማረፍ አለበት፣ እግርሽም መሬት መንካት አለበት። አንቺ ከኔ ትንሽ ስለምትረዝሚ ትራስ አያስፈልግሽም። ላፕቶፑን ከፍ የሚያደርግ ሳንቃም አዝዣለሁ፣ ስክሪኑ ከዓይንሽ ጋር ትክክል እንዲሆን፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጊው። ለብቻው ኪቦርድ ካለሽ ይዘሽ ነይ፣ ከሌለሽ ከፒያሳ እንገዛለን።

ጠረጴዛውን መስኮቱ ፊት ለፊት አላደርገውም። መስኮቱ የሚያየው ጓሮውን ነው፣ ዶሮ ሲያልፍ ሰው ሲያልፍ ዓይንሽ ይሄዳል። ፊትሽን ወደ ግድግዳው ነው፣ መስኮቱ ከጎን ይሁን። መጀመሪያ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ ብዬ አስቤ ነበር፣ ቢሮ የነበርን ጊዜ እንደዛ ነበር የሚሉን፣ የእጅ ጥላ ጽሑፉ ላይ እንዳያርፍ። ከዛ ወንድምሽ ቆሞ ሲያየኝ "እማ እሷ እኮ ግራኝ ናት" አለኝ። እውነቱን ነው! እኔ እናቷ ረሳሁት፣ ልጅ ሆነሽ በግራሽ ስትጽፊ ቀለሙ ክንድሽን ሁሉ ሲነካካሽ እቆጣሽ የነበርኩት ሴትዮ። እና አሁን ቦታውን ገልብጠነዋል፣ ብርሃኑ ከቀኝሽ ይመጣል።

አያትሽ ሌላም ይነግሩኝ ነበር፣ ቁም ጸሐፊ፣ ብራና ላይ መጽሐፍ በእጁ የሚጽፈው፣ ስራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉን ነገር አጠገቡ ያደርጋል፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በቀንድ ሆኖ ጎኑ ይተከላል፣ መቃው ካራው ብራናው እጁ የሚደርስበት ነው፣ ከተቀመጠ አይነሳም። ላንቺም ውሃ በፔርሙዝ፣ ጋቢ፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶ እዛው ይሆናል። ሶኬቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ዲቫይደር ገዝቻለሁ። መብራት ይሄዳል፣ እሱን ታውቂዋለሽ፣ ሲኖር ባትሪሽን ሙዪ፣ የሶላሯ መብራት ማታ ታደርስሻለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይጮሃል ኮርኒስም አልተሰራላትም፣ መጀመሪያ አስጨንቆኝ ነበር፣ በኋላ ግን በዛ ዶፍ ብጠራሽ እንኳን አትሰሚኝም ብዬ ደስ አለኝ።

ለምን ነሐሴ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ፍልሰታ ነው፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ እኔ በየቀኑ ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ወጥቼ 9 ሰዓት አልፎ ነው የምመለሰው፣ ቤቱ ያንቺ ነው። ጠዋት ደግሞ እኔ እዚሁ ሆኜ በሩን እጠብቃለሁ። ቡና ጠጪዎቹን ነግሬያቸዋለሁ፣ ቡናው በፊት ለፊት በረንዳ ላይ ነው፣ የማፈላው እኔ ነኝ። አንዷ "ታዲያ መጥታ ሰላም አትለንም ወይ?" አለችኝ፣ ማታ ትላችኋለች ቀን ስራ ላይ ናት አልኳት። ስራ ላይ ናት ስል ራሴን ሰማሁት፣ ካሁን በፊት ብዬው አላውቅም። ወንድምሽ ስኒ እያጠበ ነው ሰሞኑን፣ አንድ ሰብሯል፣ ምንም አላልኩትም። ለቡሄ ግን ምንም ላደርግልሽ አልችልም፣ ጅራፉ ሲጮህ ሆያ ሆዬ ሲሉ በሩን ሲደበድቡት ያን ቀን አርፈሽ ሙልሙል ብዪ። ስልክሽን ከፈለግሽ እኔ ጋ ታስቀምጪዋለሽ፣ አንገብጋቢ ከሆነ ብቻ ነው የማመጣልሽ፣ እሱንም በር አንኳኩቼ።

ደብተሩን አልጣልኩትም፣ አቧራውን ብቻ ነው የጠረግኩለት። ቲኬት ስትቆርጪ ቀኑን ንገሪኝ፣ ወንድምሽ አዘዞ ኤርፖርት ይቀበልሻል፣ ወፍራም ሹራብና ካልሲ ያዢ። አናጺው ጠረጴዛውን ሐሙስ አደርሳለሁ ብሏል፣ መሳቢያውን በየት በኩል ላድርገው ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔ በግራ ነው ያልኩት ግን እርግጠኛ አልሆንኩም፣ እስከ ረቡዕ ማታ አንዴ ጻፊልኝ።

እናትሽ