ጆርጂያና ከባርኔጣዋ ላባ በላይ ነበረች

በቅርቡ ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊት የመስፍን ሚስት፣ ስለ ዴቮንሸር ዱቼስ ጆርጂያና ያወጣችሁት ጽሑፍ በባርኔጣዋ ላባና በቁማር ዕዳዋ ላይ ብቻ ማተኮሩ ፖለቲካዊ ሚናዋን ጋርዶታል። በ1784 እ.ኤ.አ. በለንደኑ የዌስትሚንስተር የፓርላማ ምርጫ፣ ሴቶች ድምፅ መስጠት በማይችሉበት ዘመን፣ ለዊጎቹ (የንጉሡ ሥልጣን እንዲገደብ ይሻ ለነበረው ፓርቲ) ዕጩ ለቻርልስ ጄምስ ፎክስ በየሱቁ እየዞረች ነጋዴውን ስትቀሰቅስ፣ ባላንጣዎቿ የሥጋ ሻጭ ድምፅ በመሳም ገዛች የሚል ካርቱን አሠራጩባት፤ ቅስቀሳዋ ፍሬ ቢስ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከሙ ነበር። ፎክስም ለሁለት መቀመጫ ከቀረቡት ሦስት ተወዳዳሪዎች ሁለተኛ ወጣ። በለንደኑ ፒካዲሊ ጎዳና የነበረው ቤቷም የግብዣ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን (ቁማሩ ባይካድም) የፓርቲው መሪዎች የሚመክሩበት ስፍራ ነበር። ስለሆነም ዝግጅት ክፍሉ ከእነዚያ ካርቱኖች አንዱን፣ የትኛውን ወገን ለመጥቀም እንደተሣለ ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር፣ በሚቀጥለው እትም እንዲያወጣ እጠይቃለሁ።