አስተያየት ከመሰብሰብሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ ዛሬ አንከራከር፤ ብዕር ያስነሣኝ ስላንቺ የሰማሁት ወሬ ነው። የአማርኛ ኪቦርድሽን ኮድ ለማንም ክፍት አድርገሽ፣ አሁን ደግሞ የፊደላቱን አቀማመጥ ለተጠቃሚዎች አስተያየት ልታቀርቢ ነው አሉ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁልሽም።

እንጀራዬ ፓይተን የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መሆኑን ታውቂያለሽ። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 በዚያ ሰፈር ሁለት ነጥብና የእኩል ምልክት ተጣምረው (:=) ወደ ቋንቋው ይግቡ አይግቡ ተብሎ ወራት የፈጀ ክርክር ተነሣ። ለአንድ የስሌት ውጤት ስም መስጠትንና እዚያው መጠቀምን የሚያስችል ምልክት ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። ውይይቱ ከንቱ ነበር አልልሽም። የመጀመሪያው ረቂቅ ስሙ ከዚያው ትእዛዝ እንዳይወጣ ይል ነበር፤ ያ ሐሳብ በኋላ ተተወ። ግን የተመለሰው ጥያቄ ደግሞ ይነሣል፣ ድምፅ ይጋላል። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ሐሳቡን ተቀበለና በሐምሌ ወር ከመሪነቱ ወረደ፤ ይህን ያህል ታግሎ ብዙ ሰው ውሳኔውን ሲጠላ ማየት ዳግመኛ እንደማይፈልግ ጽፎ። ተተኪም አልሾመም። የቀሩት ሰዎች መጀመሪያ በአወሳሰኑ ደንብ ላይ ድምፅ መስጠት ነበረባቸው፤ በ2019 መጀመሪያ አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጡ። ጊዶም ከአምስቱ አንዱ ሆነ!

ከዚያ ሁሉ የምወድደው ሐሳቡ የቀረበበትን ሰነድ ነው። የተጣሉት አማራጮች ከነምክንያታቸው ሰፍረዋል። ለምሳሌ በምልክቱ ፈንታ «አዝ» (as) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለምን እንዳልተጠቀሙ ትጠይቂያለሽ፤ ቃሉ በቋንቋው ሌላ ቦታ ሌላ ሥራ ስላለው ያደናግራል ይልሻል። ብትስማሚም ባትስማሚም መልሱ እዚያ አለ።

አንቺ ደግሞ «ንጉሡን ሠ የት እናድርገው?» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ አለቀልሽ። ግማሹ «እሳቱ ሰ ይበቃል፣ አውጪው» ይልሻል፤ ኪቦርድሽ ቀርቶ የፊደል ማሻሻያ ጉባኤ ይሆናል። ሐም ይውጣ ከተባለ፣ ሐን እንደ ራሱ ድምፅ የሚያነብበው የትግርኛ ተናጋሪ ይቆጣል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ ጻፊ፦ የሚወጣ ፊደል የለም፣ ይህ ተወስኗል። ያልተወሰነው ሠ ቁልፉን ሁለቴ በመንካት ይምጣ ወይስ ተጭኖ በመቆየት የሚለው ነው። የመጨረሻው ወሳኝ አንቺ ከሆንሽም ሳታፍሪ ተናገሪ።

«የቱን ትመርጣላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ዓለምፀሐይ» ብለው እንዲጽፉ ስጪያቸውና ጣታቸው የት እንደተደናቀፈ ይንገሩሽ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ያሉትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አትርሺ፤ ቀኑን ሙሉ የሚጽፉት እነሱ ናቸው፣ አስተያየት ስጡ ስትዪ ግን ራሳቸው አይመጡም። ሄደሽ አጠገባቸው ተቀመጪ።

ረቂቁን ለሕዝብ ከማውጣትሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ