ለቤት የሚሆነውና የማይሆነው የቀይ ባሕር ዓሣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቤት ውስጥ የጨው ውኃ አኳሪየም ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ መብራትና ስለ ፓምፕ በደንብ አስረድቷል። ዓሣው ምን እንደሚበላ ግን አንድም ቦታ አላነሣም። ብርቅዬ ዓሣ ገዝተው ከሚያጡት ብዙዎቹ የሚያጡት በረኃብ ስለሆነ ጉዳዩ በዝምታ መታለፍ የለበትም።

ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጡ ሁለት ቢራቢሮ ዓሦችን እንውሰድ። ኬቶዶን ላርቫተስ ፊቱ ብርቱካናማ፣ ገላው ግራጫ ሰማያዊ፣ ጎኑ በነጭ ሰያፍ መስመሮች የተጌጠ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያድግ ውብ ዓሣ ነው። የሚኖረው አክሮፖራ የተባለውን ኮራል ሕያው ፖሊፕ (ኮራሉን የሚሠሩትን ጥቃቅን እንስሳት) እየለቀመ ነው። ቤት ገብቶ ማይሲስ የተባለው ጥቃቅን ሽሪምፕ ከበረዶው ቀልጦ ቢቀርብለት አንዴ ቀምሶ ይተፋዋል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይከሳል፣ ይሞታል። ገንዳው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አያድነውም። እባካችሁ ይህን ዓሣ አትግዙ።

ስሙ የሚቀራረበው ኬቶዶን ሴሚላርቫተስ ግን ሌላ ነው። ቢጫ ሆኖ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ጥላ ያለበት፣ እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ ዓሣ ሲሆን ከ500 ሊትር ያላነሰ ገንዳ ካገኘ ብዙ ዓመት ይኖራል። ኮራል ስለሚነካካ ኮራል ካለበት ገንዳ ጋር አይስማማም። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ዓይናችሁ እያየ እንዲመግበው ጠይቁ። ከፊት ለፊትም ተመልከቱት፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ጀርባው ሞላ ያለ መሆን አለበት። እንደ ቢላ ስለት ከሳሳ ሥጋው አልቋል ማለት ነውና የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። ምግብ እምቢ ካለ ቅርፊቱ የተከፈተ ትኩስ ክላም (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) የገንዳው ወለል ላይ አስቀምጡለት፤ መልቀም ልማዱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይጀምራል። ከዚያ ማይሲሱን ክላሙ ላይ እየነሰነሳችሁ አለማምዱት፤ በትንሽ በትንሹ በቀን ሦስት አራት ጊዜ።

ርክክቡ ላይም ብዙ ዓሣ ይጠፋል። ሻጮች ጥገኛ ተሕዋስያንን ለመቀነስ ሲሉ ብዙ ጊዜ የውኃውን ጨዋማነት (ከንጹሕ ውኃ አንጻር ባለው ክብደት ሲለካ) 1.020 አካባቢ ያደርጉታል፤ የቤት ገንዳ ደግሞ 1.026 ነው። ስለዚህ የለይቶ ማቆያውን፣ ማለትም አዲሱ ዓሣ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ለብቻው የሚቆይበትን ገንዳ ውኃ አስቀድማችሁ ከሻጩ ጋር እኩል አድርጉና በየቀኑ ከ0.002 ሳይበልጥ ከፍ አድርጉት። ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ዓሣ ከሆነ ከረጢቱን ከፍታችሁ ለሰዓታት ውኃ አታንጠባጥቡበት። ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል (የውኃው አሲድነት ይቀንሳል)፣ ከዓሣው የወጣውና እስከዚያ ብዙም ያልጎዳው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። የሙቀት መጠኑ ሲስተካከል ዓሣውን አውጥታችሁ ወዲያው አዘዋውሩ፤ የከረጢቱን ውኃ ድፉት።

ለይቶ ማቆያው ባዶ መስታወት፣ መደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማሞቂያና ስፖንጅ ማጣሪያ ይበቃዋል። ስፖንጁን ዓሣው ከመምጣቱ አራት ሳምንት አስቀድማችሁ በዋናው ገንዳ ውስጥ አኑሩት፤ አሞኒያን የሚያስወግድ ባክቴሪያ ካልያዘ አሞኒያው ዓሣውን ይፈጀዋል። ነጭ ነጠብጣብ በሽታ (በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ) ከታየ ኪሌት የሆነ፣ ማለትም ከሌላ ውሕድ ጋር የታሰረ መዳብ በሊትር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊግራም ሆኖ 30 ቀን ይቆያል። ቢራቢሮ ዓሦች መዳብ ስለሚከብዳቸው መጠኑን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቀስ እያላችሁ አድርሱት፤ በየቀኑም ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ፦ አሞኒያ ያከሽፋሉ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች ከዚህ መዳብ ጋር ሲገናኙ መዳቡን ከማሰሪያው ይለቁትና ዓሣውን በአንድ ሌሊት ሊገድሉት ይችላሉ። አሞኒያ ካያችሁ ውኃ ቀይሩ፤ በምትጨምሩት ውኃም ውስጥ ያንኑ የመዳብ መጠን አስቀድማችሁ አድርጉ። ዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ በፍጹም አይገባም፤ ድንጋዩ ይመጠዋል፣ ሽሪምፕና ኮራልም ይገድላል።

ለጀማሪ የምመክረው ሱዶክሮሚስ ፍሪድማኒን ነው። ሳይንስ በ1968 የመዘገበው ሐምራዊ የቀይ ባሕር ዓሣ ሲሆን ከ7 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ 100 ሊትር ይበቃዋል። ዛሬ በእርባታ ስለሚገኝ ባሕሩን ሳንነካ ልናገኘው እንችላለን፤ እንክብል ምግብም ለምዶ ይመጣል። ዋሻ ዋሻ ያለው ድንጋይ ይፈልጋል፤ ስለሚዘልም ገንዳው ላይ መረብ ይደረግበት።

አዲስ አበባ ላይ ገንዳ ለሚያቆም ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በከተማዋ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ያንሳል። የውኃው ገጽ ሌትና ቀን መናወጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወዲያው መነሣት አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ