ስሜ የተዘለለበት የጫጉላ ደረሰኝ

ቀን፦ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከጥር 21 እስከ 25 ስለነበረው ቆይታችንና በስህተት ስለተጻፈልን ማረጋገጫ

ጤና ይስጥልኝ።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ዳር ነው ያደግኩት። በገዛ ከተማዬ ሆቴል ይዤ ሳድር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሄድን ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ደውያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ «ነገ ይደውሉ» ነው የተባልኩት። አሁን የቀረኝ ቀን ትንሽ ስለሆነ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ባለቤቴ የሚኖረው ካናዳ ነው። በ2016 ሰኔ ላይ መጥቶ ተፈራረምን። ከዚያ እኔን ለመውሰድ ማመልከቻ አስገባ። ፋይላችን እስካሁን በሂደት ላይ ነው። ሰርጉን ያደረግነው ዘንድሮ ጥር 18 ነው፤ እሱም ፈቃድ ያገኘው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ለጫጉላ መጀመሪያ ዛንዚባር አስበን ነበር። ግን የእኔ ፓስፖርት እድሳት ላይ ነው። ደግሞም ፋይሉ ያላለቀለት ሰው ልቡ አያርፍም፤ ኢሜይሉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ከፍቶ ነው የሚነሳው። ተጨማሪ ሰነድ አምጡ ከተባለ ቀነ ገደብ አለው። ስለዚህ አገር ውስጥ እንሁን አልን። አገር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከጣና የሚበልጥብኝ የለም። ባለቤቴ በልጅነቱ ነው የወጣው፣ ጣናን አይቶት አያውቅም። እኔ ላሳየው ፈለግኩ።

ታኅሣሥ ላይ ለሽያጭ ክፍላችሁ ስደውል ሁኔታችንን አልደበቅኩም። ፓስፖርቴ እጄ ላይ እንደሌለ፣ የምይዘው የፋይዳ መታወቂያና የፓስፖርቴን ኮፒ እንደሆነ ተናገርኩ። ከኢሚግሬሽን ድንገት ከተጠራሁ ቀኑን ልንቀይር እንደምንችል ተናገርኩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር ለመንኩ፦ ደረሰኙና የቆይታ ማረጋገጫው በሁለታችንም ስም፣ በእንግሊዝኛ፣ ስማችን ፓስፖርት ላይ እንዳለው ሆኖ እንዲጻፍልን። ሠራተኛችሁ በቴሌግራም «ችግር የለውም እህቴ፣ ሁሉም ይደረጋል» ብሎ መለሰልኝ። መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። የጫጉላ ፓኬጁ ዋጋ 38,000 ብር ነበር፤ 19,000 ብር ቀብድ ያንኑ ቀን አስገባሁ።

ስማችን አብሮ እንዲጻፍ ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀኝ ላስረዳዎ። እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትቀይርም። እኔ የአባቴን ስም ይዤ እኖራለሁ፣ ባለቤቴም የአባቱን። ወረቀታችንን ጎን ለጎን ላስቀመጠው የውጭ አገር ባለሥልጣን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ነው የምንመስለው። የካናዳ ኢሚግሬሽን ደግሞ ጋብቻው የእውነት ነው ወይስ ለወረቀት ተብሎ የተደረገ ነው የሚለውን አጥብቆ ይመረምራል። የሰርግ ፎቶ ያያል፣ የተደዋወልንበትን ያያል፣ አብረን የተጓዝንበትንና ያደርንበትን ያያል። እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ያልሆነ ሰነድ ሁሉ ደግሞ ተተርጉሞ ነው የሚገባው። ለእናንተ ተራ የሆነች አንዲት ወረቀት ለእኛ የትዳራችን ምስክር ናት ማለት ነው።

ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ከሰዓት ደረስን። ሪሴፕሽን ላይ የባለቤቴን የካናዳ ፓስፖርት ሲያዩ «የውጭ ዜጋ ዋጋ ሌላ ነው» ተባልን። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን አወጣ። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሰጠውን መብት ልጅቷ አታውቀው ይሆናል፣ በእሷ አልፈርድም። ግን ከአንድ ወር በፊት የተስማማንበት ዋጋ ነበረን። ሻንጣችን መሬት ላይ፣ እኛ ቆመን፣ አርባ ደቂቃ ተከራከርን። በመጨረሻ 11,200 ብር ተጨማሪ ከፈልን። ሙሽራ ሆኖ በገንዘብ ሲነታረኩ መታየት ደስ አይልም። ለዚያ ብለን ነው ዝም ያልነው።

የጀልባው ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፓኬጁ ላይ የተጻፈው ዘጌ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ልናይ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ልንሄድ ነበር። ባለቤቴ የኡራን የግድግዳ ሥዕሎች ፎቶ ስልኩ ላይ አስቀምጦ ነበር የመጣው። በማግስቱ ከጠዋቱ 2፡00 ወደቡ ላይ ተገኘን፤ ጀልባው የመጣው 5፡00 ላይ ነው። ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ሐይቁ ይናወጣል። ጀልባ ነጂው «አሁን ዘጌ ደርሶ መመለስ አይሆንም፣ ቅርብ ገዳም አሳያቸው ተብያለሁ» አለና ወደ ክብራን ገብርኤል ቀዘፈልን።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ይህን የባሕር ዳር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ፤ በገዳሙ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ለሙሽሮች ተብሎ በተሸጠ ጉዞ ሙሽራዋ ወደማትገባበት ደሴት የወሰዳችሁን እናንተ ላይ ነው። እዚያው አጠገብ ሴት የሚገባበት እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ እሱ እንኳ ይሁንልን ብዬ ለመንኩ። ነጂው «የተነገረኝ ክብራን ነው» አለ። እሱም ታዞ ነው የመጣው።

አብረውን የነበሩት ወንዶች ወረዱ። ባለቤቴን «አንተ እንኳ ግባ፣ መቼ ትመለሳለህ» አልኩት። «አንቺ ሳትገቢ አልገባም» አለ። ነጠላችንን እንደለበስን ጀልባው ውስጥ ተቀመጥን። ውኃው የጀልባውን ጎን ቀስ እያለ ይመታል። አንድ ፔሊካን ከደንገሉ ሥር ወጥቶ ትንሽ አየንና ዞሮ ሄደ። ባለቤቴ እጄን ያዘኝና «በሚቀጥለው ጊዜ አብረን ዘጌ እንሄዳለን» አለኝ። የሚቀጥለው ጊዜ መቼ እንደሆነ እሱም እኔም አናውቅም። እንባዬን ያየብኝ ያኔ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥር 25 ጠዋት ሒሳብ ስንዘጋ የተሰጠን የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይ ያለው የባለቤቴ ስም ብቻ ነው። የእንግዳ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ደግሞ ከስሙ ሥር «1 ተጨማሪ ሰው» ይላል። ያ ተጨማሪ ሰው እኔ ነኝ። ከሰርጌ ሰባተኛ ቀን ላይ ነበርኩ። መዳፌ ላይ ያለው ሂና ገና አልለቀቀም ነበር። ልጅቷን «ሚስቱ ነኝ፣ ስሜን ጻፊልኝ» አልኳት። «ሲስተሙ አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው» አለችኝ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍልን ስንል ፈራሚው ፊልድ ነው ተባለ። አውሮፕላናችን እየደረሰ ስለነበር ሄድን። ያ ደረሰኝ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ከወዲሁ መደብዘዝ ጀምሯል።

ጥር 27 የፈራሁት ኢሜይል መጣ። ስለ ግንኙነታችን ተጨማሪ ማስረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንድናቀርብ ይጠይቃል። እስከ የካቲት 27 ማለት ነው። ባለቤቴ በማግስቱ ተመለሰ፣ እኔም እናንተ ጋ መደወል ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት በመጨረሻ ደብዳቤያችሁ በቴሌግራም ደረሰኝ። ስከፍተው እጄ ተንቀጠቀጠ። የአባቴ ስም ተሳስቷል፤ አንድ ፊደል ተቀይሮ ሌላ ሰው ሆኖ ወጥቷል። የባሰው ደግሞ ቀኑ ነው። «ጥር 21»ን በቀጥታ «ጃንዋሪ 21» ብላችሁ ጻፋችሁት። ጥር 21 በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 29 ነው! ባለቤቴ አዲስ አበባ የገባው ጃንዋሪ 22 ነው፣ ማኅተሙ ፓስፖርቱ ላይ አለ። በእናንተ ደብዳቤ መሠረት እሱ ገና ሰማይ ላይ እያለ ባሕር ዳር አድሯል። ሰርጋችንም ጃንዋሪ 26 ስለነበር ጫጉላው ከሰርጉ ቀድሟል።

ይህን ሳላረጋግጥ ብልከው ኖሮስ? የካናዳ ሕግ የተሳሳተ መረጃ ያቀረበን አመልካች ለ5 ዓመት ሊያግድ ይችላል። አምስት ዓመት። እናንተ ዘንድ የታይፕ ስህተት ነው። እኛ ዘንድ አምስት ዓመት በስልክ መኖር ነው። «ቀኑ ተሳስቷል» ብዬ ስደውል «ዋናው ማኅተሙ ነው እህቴ» ተባልኩ።

ሁሉም ሠራተኞቻችሁ እንዲህ ናቸው አልልም። ክፍላችንን ያጸዳችው እህት የመጀመሪያው ቀን ማታ አልጋው ላይ አደስ ነስንሳ ጠበቀችን። ያንን የጠየቃት ሰው የለም። እንደ እናት መርቃናለች። የእሷን ስም በደብዳቤ አላነሣም፣ እርስዎ ግን ፈልገው ያመስግኑልኝ።

ከተማችን እንግዳ ተርባ መክረሟን እናንተም እኔም እናውቃለን። ብዙ ሰው «አሁን ባሕር ዳር ምን ልታደርጊ?» ሲለኝ ተከራክሬ ነው የመጣሁት። ባለቤቴም ለጓደኞቹ ሊናገርላት ጓጉቶ ነበር። ስለዚህ ይህ ነገር በሁለት በኩል ነው ያሳዘነኝ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አዲስ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይጻፍልኝ። የሁለታችንም ስም ታኅሣሥ ላይ በላክሁት የፓስፖርት ኮፒ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይሁን። ባልና ሚስት መሆናችንና በአንድ ክፍል ማደራችን ይጠቀስ። ቀኑ ከጃንዋሪ 29 እስከ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ተብሎ ይጻፍ። የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ላኩልኝና እኔ አይቼ ልመልስላችሁ። የተሳሳተውም ደብዳቤ ከመዝገባችሁ ይሰረዝ፤ ምናልባት ከኢሚግሬሽን ደውለው ቢያጣሩ ሁለት የተለያየ ወረቀት እንዳይገኝ።

ከስምምነታችን ውጭ የከፈልነው 11,200 ብር፣ ለዘጌው ጉዞ የተሰላው 6,500 ብርም ይመለስልን። ገንዘቡ ቢዘገይ እታገሣለሁ። ደብዳቤው ግን እስከ የካቲት 15 እጄ መግባት አለበት። ካልሆነ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ አመለክታለሁ፤ የቴሌግራም መልእክቶቹን፣ የቀብዱን ደረሰኝና የተሳሳተውን ደብዳቤ አያይዣለሁ።

የሁለታችንን የፓስፖርት ኮፒ ለሦስተኛ ጊዜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። በስልክ ከፈለጋችሁኝ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ማታ 3፡00 አነሣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጥር 21 እስከ 25 እናንተ ዘንድ ከባለቤቷ ጋር ያደረችው እንግዳችሁ