ጥርሱ ከተሰጠ በኋላ ያለውም ሕክምና ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ስለ ዋጋው፣ ስለ ዓይነቱና ስለ መልኩ የሰጣችሁት ማብራሪያ ብዙዎችን እንደሚጠቅም አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ባለጥርሱ ከክሊኒክ ከወጣ በኋላ ስለሚገጥመው ነገር አንድም ቃል አለመነሣቱ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዶኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የላይኛውም የታችኛውም ጥርሴ ተነቃይ ነው። በእኩዮቼ ዘንድ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጥርስ በመሐረብ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም አያለሁ። በአብዛኛው ለዚህ ምክንያቱ ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰውን ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጠው የታችኛው ነው። የላይኛው ሰፊውን ላንቃ ስለሚሸፍን በመካከላቸው ያለው ስስ ምራቅ አጣብቆ ይይዘዋል፤ የታችኛው ግን የሚያርፈው በጠባብ የድድ ጠርዝ ላይ ብቻ ከመሆኑም በላይ ምላስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይገፋዋል። በመሆኑም እንደ ላይኛው ጸንቶ ባይቀመጥ ሐኪሙን ወዲያው መውቀስ አይገባም፤ ምላስና የጉንጭ ጡንቻ እንዴት እንደሚይዙት እስኪለምዱ ሳምንታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሰሞን አፍ ምግብ የገባበት መስሎት ምራቅ ያበዛል፣ ንግግርም ይኮላተፋል። ለዚህ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብን የሚያህል ልምምድ የለም፤ ጠዋት ጠዋት ዳዊት መድገም ልማዳቸው ለሆነ አባቶችና እናቶች መድኃኒቱ በእጃቸው ነው ማለት ይቻላል።

ስለ አበላል ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር በእኛም ማዕድ የሚከብድ አይደለም። አጥሚት፣ ገንፎ፣ በሽሮ የራሰ ለስላሳ እንጀራ ለጀማሪ የሚመቹ ናቸው፤ ቆሎና ቋንጣ ግን ጥቂት ይቆዩ። በአንድ ወገን ብቻ ሲታኘክ ሌላው ወገን ስለሚነሣ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ በሁለቱም ወገን እኩል ማኘክ ይገባል። ላንቃ በመሸፈኑ የምግብን ትኩሳት በወጉ መለየት ስለሚያስቸግር፣ ገና የሚንተከተክ ሽሮና ትኩስ ቡና ጉሮሮ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ትልቁ ፈተና ግን ጉርሻ ነው። አጉራሹ በፍቅር ያገዝፈዋል፣ ጎራሹ እምቢ ለማለት ያፍራል፣ የገዘፈውን ለመያዝ በፊት ጥርስ ሲነከስ የላይኛው ጥርስ ከበስተኋላው ይላቀቃል፤ በሰው ፊት የደረሰ እንዲህ ያለ ሐፍረት ብዙዎችን ከድግስ እንዳስቀራቸው አውቃለሁ። ልጆችና ምራቶች ይህን አውቀው ጉርሻውን ቢያሳንሱ ፍቅሩ አይጎድልም።

ድድ ላይ ቁስል መውጣቱም የተለመደ ነው። ቦታውን ሐኪም ለይቶ ጥቂት ሲሞርደው ሕመሙ ይቀላል፤ በቤት ውስጥ በምላጭ ወይም በሞረድ መፋቅ ግን ጥርሱን ከነጭራሹ ያበላሸዋል። ወደ ሐኪም ከመሄድ አስቀድሞ ጥርሱን ጥቂት ሰዓት አፍ ውስጥ ማድረግ የሚነካካው ቦታ በግልጽ እንዲታይ ይረዳል። ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል ግን የግድ መመርመር አለበት፤ የአፍ ካንሰርም እንዲህ ባለ ቁስል ሊጀምር ይችላልና።

ስለ ንጽሕናው ከምሰማቸው ምክሮች አብዛኞቹ ጎጂ ናቸው። አብዛኛው ተነቃይ ጥርስ አክሪሊክ ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራ በመሆኑ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። የጥርስ ሳሙናም ሆነ መፋቂያ ይቧጭረዋል፤ በጭረቱም ውስጥ ጀርም ይሰፍራል። በረኪና ደግሞ ቀለሙን ያነጣል፣ የብረት መያዣ ካለውም ብረቱን ይበላዋል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውኃና ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃሉ፤ ወድቆ እንዳይሰበርም ውኃ ባለበት ሳፋ ላይ ሆኖ ማጠብ ነው። ድድ፣ ላንቃና ምላስም በየዕለቱ መጽዳት አለባቸው።

ማታ ማታ ማውለቅን የሚያክል ቸል የተባለ ነገር ግን አላየሁም። ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር አዛውንት ያለ ጥርስ መታየት ስለሚያሳፍረው እንዳደረገው ይተኛል። እረፍት ያላገኘው ላንቃ ቀይ ይሆናል፤ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስም ይራባበታል፣ በተለይ የስኳር ሕመም ባለባቸው ላይ ይብሳል። ብዙ ጊዜ ስለማያምም ባለቤቱ አያውቀውም። ዕድሜያቸው 85 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ 524 የጃፓን አረጋውያን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ጥርሳቸውን አድርገው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። የወለቀውን ጥርስ ክዳን ባለው ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ ማሳደር ይገባል፤ በመሐረብ ተጠቅልሎ ከደረቀ ቅርጹ ሊለወጥ ይችላልና።

በውጭ አገር ያሉ ልጆች በደግነት ስለሚልኩት ማጣበቂያም አንድ ነገር ልበል። ዚንክ ያለበትን ማጣበቂያ ለረጅም ጊዜ አብዝተው የተጠቀሙ ሰዎች በሰውነታቸው ያለው መዳብ ቀንሶ ነርቫቸው እንደተጎዳ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ዚንክ የሌለበትን መላክ፣ እሱንም በጥቂቱ መጠቀም ይመረጣል። በየጊዜው እየጨመረ ማጣበቂያ የሚያስፈልገው ጥርስ ከድዱ ጋር መግጠሙን ያቆመ ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት ይቀንሳል፤ ቅነሳው በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ስለሚፈጥን ጥርሱ ከውስጥ በኩል እንደገና መሞላት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ክሊኒኮች ጥርሱን ሲያስረክቡ ከላይ ያነሣኋቸውን ነገሮች በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡ፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት የማስተካከያ ቀጠሮዎች በዋጋው ውስጥ ያካትቱ። በየምልልሱ ክፍያ የሚጠየቅ ጡረተኛ ቁስሉን ይዞ ቤቱ ይቀራል። ዓምዳችሁም ወደፊት ስለ ዋጋ ስትጽፉ፣ የሚነገረው ዋጋ እነዚህን ቀጠሮዎች ይጨምር እንደሆነ ከክሊኒኮቹ ጠይቃችሁ አብራችሁ ብታወጡልን እጅግ ይጠቅመናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህር
ከአዲስ አበባ