ጣሪያ የሌላት መኪና

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ጠፋህ እንዳትለኝ። አንተም ጠፍተሃል፤ ተካክለናል። የት ገባህ ካልክ መኪና ሥር ነው የገባሁት። የምሬን ነው።

ጣሪያዋ የሚገለጥ ባለሁለት ወንበር መኪና ባየን ቁጥር ፈዘን የምንቀረው ትዝ ይልሃል? አንዷ አሁን እቤቴ ቆማለች። ኤም ጂ ቢ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ፣ አቢንግደን ላይ ሲሠሩ ከነበሩት። የእኔዋ የ1966 ናት። ቆማለች ስልህ ጎማ ላይ እንዳይመስልህ።

ስገዛት ቀለሟ ያብለጨልጭ ነበር። ምንጣፉን አንስቼ ወለሉን በካቻቢቴ ነካ ባደርገው፣ ካቻቢቴው ዘልቆ ገባ።

ይቺ መኪና ራሱን የቻለ ሻሲ፣ ማለትም ከሥር የሚሸከማት የብረት አጽም፣ የላትም። የሚሸከማት ቦዲው ራሱ ነው። ጣሪያ ያለው መኪና ሸክሙን ከጣሪያው ጋር ይካፈላል። እሷ ግን ፊቷንና ኋላዋን አያይዘው የያዙላት በበሮቿ ሥር ያሉት የላሜራ ሳጥኖች ናቸው። የዛጉት ደግሞ እነሱ! ዝም ብለህ ቆርጠህ ብታወጣቸው ወገቧ ይጎብጣል፤ ከዚያ ወዲያ በር ይገጥማል ብለህ አትልፋ። ስለዚህ መጀመሪያ የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ወጥረህ ትበይዳለህ። ከሥር በደንብ ትደግፋታለህ። ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ትቆርጣለህ። አዲሱን ላሜራ ካስቀመጥክ በኋላ በሩን መልሰህ ትገጥምና ዙሪያውን ታያለህ። ክፍተቱ እኩል ከሆነ ትበይዳለህ፤ እሱም እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረግህ ነው። ባንዴ ከሄድክበት ላሜራው በሙቀት ይጣመማል።

ይህን ሥራ የሚያይልህ የለም። የመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን ቀለም ልትቀባት ነው እያለ ነው። ስቱኮ ጠቅጥቆ ቀብቶ መገላገል ይቻል ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ያደረገውም ይህንኑ ነው። እኔን የጣመኝ ግን የታችኛው ሥራ ነው።

ሞተሩ ብዙም አላስቸገረኝም። 1798 ሲሲ ነው፣ ቁልፍ የጨበጠ ሁሉ ይገባዋል። አየርና ቤንዚን የሚያደባልቁትን ሁለቱን ካርቡራተሮች ማስማማት ግን ላንተ ነበር የሚገባው፤ ጆሮ ያለህ አንተ ነህ። የቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ ትይዛለህ፣ ሌላውን በየተራ ወደ ካርቡራተሮቹ አፍ ታስጠጋለህ። አየር ሲስቡ የሚያሰሙት ፉጨት አንድ እስኪሆን ድረስ ብሎኖቹን ታስተካክላለህ።

ኤሌክትሪኩማ ጉድ ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተደብቀዋል። ከቦዲው ጋር የሚታሰረውም እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች ኔጌቲቩ ሳይሆን ፖዘቲቩ ነው። የዛሬ ሬዲዮ ሳታስብ ብትቀጥልባት ይቃጠላል።

አሁን የቀረኝ ፍሬን ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ። የፍሬን ዘይት ቱቦዎቹን ሁሉ ስለቀየርኩ ውስጡ የገባው አየር መውጣት አለበት። ይህ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንዱ ሥር ሆኖ ማስተንፈሻውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሳይዘጋ እግር ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ለብቻ የሚሠራበት መሣሪያ አለ፤ አልገዛም።

መቼ ትመጣለህ? ፔዳሉ ያንተ ነው፣ እኔ ሥር እገባለሁ። የማትሳሳለት ልብስ ይዘህ ና።

ያንተው ወንድም