የጆሹዋ ትሪ ጉዞ፦ ውሃና ጋቢ አትርሱ

ሰላም ቤተሰብ፣

ለኖቬምበሩ ጉዞ ካሊፎርኒያ ባለው የጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ጃምቦ ሮክስ በሚባለው የድንኳን ሰፈር ሁለት የካምፕ ቦታ ይዘናል። በረሃ ነው ብላችሁ በቲሸርት ብቻ እንዳትመጡ፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም የሌሊቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይያዝ።

ዋናው ነገር ውሃ ነው። እዚያ ቧንቧ የሚባል የለም። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያዙ፣ የቡናው ደግሞ ለብቻው (ጀበናው ይመጣል፣ አታስቡ)። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ስለሆነ ማገዶ ከውጭ ገዝተን ነው የምንገባው።

በአንድ ቦታ ከ6 ሰው በላይ አይፈቀድም፤ እንግዳ የምትጨምሩ ካላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ። ስልክ አብዛኛው ቦታ ላይ አይሠራም፣ ካርታውን ቤት ሳላችሁ ዳውንሎድ አድርጉት። ድንኳን የሌለው እስከ ሐሙስ ይንገረኝ።